«ነዋሪ» ማነው? በደብዳቤ የመጣው ወይስ ቤቱ የፈረሰበት?

(ቡራዩ ላይ ለተሰበሰቡ ወጣት አርክቴክቶችና የከተማ ፕላን ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ስለ «ሬዚደንሲ» ተናገር ብላችሁ ጠርታችሁኛል። ከኋላ የተቀመጡ የሠፈሩ ሰዎች ስላሉ በቅድሚያ ቃሉን ላስረዳ። ሬዚደንሲ ማለት አንድ ሠዓሊ፣ ደራሲ ወይም አርክቴክት ማደሪያ፣ መሥሪያ ክፍልና የኪስ ገንዘብ ተሰጥቶት፣ ለጥቂት ወራት ከዕለት እንጀራው ሩጫ ተገላግሎ፣ የመረጠውን ጉዳይ እንዲያጠናና እንዲሠራ የሚደረግበት ዝግጅት ነው። ሲጨርስ ኤግዚቢሽን ያሳያል፣ መጽሐፍ ያወጣል፣ ይሄዳል። ወደ አማርኛ ሲመለስ «ነዋሪነት» መሆኑ ነው። ጉዱም ያለው እዚሁ ላይ ነው!

«ነዋሪነት» ቡራዩ ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ከታ ወይም አሸዋ ሜዳ ወርዳችሁ ጠይቁ። መታወቂያ ነው። የመብራት ቆጣሪ ነው። ልጅ ትምህርት ቤት ማስመዝገቢያ ነው። ግሬደር በር ላይ ሲቆም እጅ ላይ የሚገኝ ወረቀት ነው። ጎጆ ቀልሶ፣ ልጅ ወልዶ፣ እድር ገብቶ፣ የጎረቤቱን ሬሳ ሸኝቶ «አንተ እኮ ነዋሪ አይደለህም» የሚባል ሰው ባለበት አገር፣ ሻንጣውን እየጎተተ ከቦሌ የወጣ እንግዳ በአንድ የግብዣ ደብዳቤ የሦስት ወር ነዋሪ ይባላል። ያውም ስለ መፈናቀል ሊያጠና! እኔ ይህን ስሰማ መሳቅም ማዘንም ያምረኛል።

ይህን ስል ሬዚደንሲ የሚሉት ነገር ይቅር ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒውን ነው የምለው። ከተሞቻችንን ሲነድፉ የኖሩት እኮ አብዛኞቹ ኖረው ያላዩዋቸው ሰዎች ናቸው። ዝነኛው ሌ ኮርቡዚዬ እ.ኤ.አ. በ1936፣ ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘበት በዚያው ዓመት፣ የከተማይቱን ንድፍ ጫር ጫር አድርጎ ለሙሶሊኒ ላከ። ሰውዬው አዲስ አበባን በእግሩ ረግጧት አያውቅም። ወረቀቱ ላይ ቀጥ ያለ ሰፊ ጎዳና አለ፤ ሰው ግን የለም። ሥራውን ለሱ አልሰጡትም፤ የራሳቸው ሰዎች፣ ጉዊዲና ቫሌ፣ ፕላኑን ሠሩት። በዚያም ፕላን ነጩና ጥቁሩ ለየብቻ ሠፈር ተመደበለት፤ አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረው ገበያ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ተገፋ። የዛሬው መርካቶ ከዚያ ነው የመጣው። አስተውሉ እንግዲህ፤ መርካቶ ራሱ የመፈናቀል ልጅ ነው!

ከነጻነት በኋላ ደግሞ የለንደንን ፕላን የሠራው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ተጠራ። እሱም ከተማይቱ በዙሪያዋ ሳተላይት ከተሞች ይኑሯት አለ። የ«ዙሪያ» ነገር ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ወረቀት ላይ አለ ማለት ነው። ዙሪያ! እስቲ ቃሉን አስቡት። ገፈርሳ ላይ ተወልዶ ያደገ ገበሬ የማን ዙሪያ ነው? ለራሱ እኮ እሱ መሀል ነው። አዲስ አበባ ከገፈርሳ ግድብ ውሃ ስትጠጣ ስንት ዘመኗ፤ ገፈርሳን ግን ዙሪያዬ ከማለት ያለፈ ስም አልሰጠቻትም።

የቅርቡን ታውቁታላችሁ፤ በአጭሩ ልለፈው። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች የሚያጣምረው «የጋራ ማስተር ፕላን» በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ አስነሣ፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ እሳቱ እንደገና ተቀጣጠለ። ጥር ላይ ፕላኑ ተሠረዘ ተባለ። የሞተው ሰው ግን በመቶ የሚቆጠር ነበር፤ እሱን የሚሠርዝ የለም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. እዚህ ቡራዩ ውስጥ ሰው በማንነቱ ተገደለ፣ ብዙ ሺህ ሕዝብ ወደ አዲስ አበባ ሸሽቶ በትምህርት ቤቶች ተጠለለ። ከነሱ መካከል ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ለገጣፎ ቤቶች ፈረሱ። በ2015 ዓ.ም. ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ገላንና ሌሎችም ተጠቃልለው ሸገር ከተማ ሆኑ፤ ዘመቻውም በዚያው ቀጠለ፤ ቤት ፈረሰ፣ መስጊድም ፈረሰ። በ2016 ዓ.ም. ተራው የፒያሳ ሆነና የኮሪደር ልማት ብለው አሮጌዋን አራዳ ጠረጓት።

ይህ ሁሉ ሲሆን አርክቴክቱ የት ነበር? መልሱ ለየቅል ነው። አንዱ የሚፈርሰውን ሠፈር ፕላን ሲነድፍ ነበር፤ ደመወዝተኛ ነውና አልፈርድበትም። ሌላው ዝም ብሎ ነበር። ሌላው ደግሞ ውጭ አገር ሆኖ ነገሩን ሲያስብበት ነበር። የዚህን የመጨረሻውን ሥራ አላጣጥልም። አዲስ አበባ ያደገው ኢማኑኤል አድማሱ ከባልደረባው ጋር ያቋቋመው ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2023 በቬኒስ የአርክቴክቸር ቢየናሌ ላይ ሥራ አቅርቧል፤ የሥራው ስም «ግቢ» ይባላል። አጥራችንን፣ በራችንን፣ ማን ይገባል ማን ይቀራል የሚለውን ነገር ነው ለዓለም ያሳየው። አርክቴክት ራሔል ሻውል በሃርቫርድ የሎብ ፌሎው ነበረች። ሽቱትጋርት ያለው አካዳሚ ሽሎስ ሶሊቱድም ለአርክቴክቶች ማደሪያና ገንዘብ ይሰጣል። ስለ አዲስ አበባ ያልተፈቀዱ ሠፈሮች የሚናገረው የፊሊክስ ሃይዘልና የብስራት ክፍሌ መጽሐፍም እ.ኤ.አ. በ2016 ባዝል ታትሟል። ጥሩ መጽሐፍ ነው። ዋጋውን ግን አትጠይቁኝ፤ ቋንቋውም እንግሊዝኛ ነው።

እንግዲህ የኔ ክርክር ይሄ ነው። ስለ ቡራዩ ለማሰብ ሽቱትጋርት መሄድ የሚያስፈልገን ለምንድነው? ለምን አንድ አርክቴክት ቡራዩ ውስጥ ክፍል ተከራይቶ፣ አንድ ክረምትና አንድ በጋ፣ ዓመት ሙሉ አይኖርም? ሦስት ወር አይበቃም። በበጋ የመጣ ሰው ክረምት ላይ ጭቃው ማንን ከማን እንደሚቆርጥ አያይም። ቤት የሚፈርስበት ወር፣ ኪራይ የሚጨመርበት ወር፣ ልጅ ከትምህርት ቤት የሚቀርበት ወር የተለያየ ነው።

ምን ይሠራል ለሚል ሰው፣ ሥራውማ ሞልቷል። አዋጁን እንይ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሬቱን ለሚለቀው ገበሬ ካለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው አሥር እጥፍ ይከፈለው ይል ነበር። በ2011 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 1161 ካለፉት ሦስት ዓመታት ትልቁን ገቢ ወስዶ አሥራ አምስት እጥፍ አደረገው። ከዚህም በላይ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሣ ይከፈላል የሚል አስገባ። መልካም! ግን ማኅበራዊ ትስስርን ማን ለክቶት ያውቃል? ግምት የሚያወጣው ሠራተኛ ግድግዳ ይለካል፣ ቆርቆሮ ይቆጥራል። በሩ ላይ የተዘረጋችው ጉልት፣ ሸማኔው ድር የሚዘረጋባት ጥግ፣ የእድሩ ድንኳን የምትተከልባት ባዶ ቦታ በየትኛው ሣጥን ውስጥ ይገባሉ? ከግለሰብ የተከራየውስ? ባለይዞታ አይደለምና ለሕጉ የለም። እኛ ደግሞ መለካትና መንደፍ ነው የተማርነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ድሃው እጅ ላይ ወረቀት እንስጠው ነው የምለው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር ልምጣ። እዚህ አካባቢ መሬት የሚገዛው እንዴት ነው? ሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ሰው ግን መኖር አለበት። ከአዲስ አበባ ኪራይ የገፋው ድሃ ወደዚህ ይወጣል፤ እርሻው እየጠበበ የመጣው ገበሬ ቁራሽ ይሰጠዋል፤ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ በደብተር ወረቀት ላይ ውል ይጻፋል፣ ሌሊት ጨረቃ ቤት ይቆማል። በኋላ ሕገ ወጥ ነው ተብሎ ይፈርሳል። ገዢው ያለ ቤት፣ ገበሬው ያለ መሬት ይቀራሉ። ሁለቱም የተፈናቀሉ ናቸው! ግን ፖለቲካችን እርስ በርስ ያያቸው ዘንድ አይፈልግም። አንዱ ወገን ስለ ገበሬው ብቻ ያለቅሳል፣ ሌላው ወገን ስለ ፈረሰው ቤት ብቻ ያለቅሳል። እንግዳው አጥኚም እንደ ጋባዡ ነው፤ ያየውን ግማሽ ይስልና ይሄዳል። ግማሹ ስዕል ደግሞ በማግሥቱ የአንዱ ወገን ዱላ ይሆናል። ስለዚህ እዚህ የሚኖረው አርክቴክት ያንን የደብተር ወረቀት ከሁለቱም ጫፍ ይዞ፣ የሻጩንም የገዢውንም ቤት በአንድ ሉህ ላይ ይንደፍ ባይ ነኝ። ካልሆነ ባይመጣ ይሻላል።

ሌላም አደጋ አለ። ከተማሪዎች ጋር አንድ ሠፈር ስንለካ አንዲት እናት ሜትራችንን እያዩ «ልጆቼ፣ የምትለኩት ልትሠሩ ነው ልታፈርሱ?» አሉን። ልክ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ በ1997ቱ የአየር ፎቶ ላይ ቆርቆሮህ ታይቶ እንደሆነ ወረቀት ይወጣልህ ነበር፣ ካልታየ የለህም ነበር። ካርታ ያድናል፣ ካርታ ይገድላል። እናንተ በቅን ልቦና ወረቀት የሌላቸውን ቤቶች አንድ በአንድ ነጥብ ነጥብ አድርጋችሁ ኤግዚቢሽን ላይ ብትሰቅሉት፣ ማን ፎቶ እንደሚያነሣው ታውቃላችሁ? ለግሬደሩ ስም ዝርዝር አዘጋጃችሁለት ማለት እኮ ነው! ስለዚህ ቤቱ ይለካ፣ ንድፉ ይሠራ፤ ዋናው ቅጂ ግን ለባለቤቱ ይሰጥ። ለሕዝብ የሚታየው ላይ የቦታ ምልክት አይኑር። ባለቤቱ ፍርድ ቤት ወይም ካሣ ቢሮ ሊወስደው ሲፈልግ ራሱ ያውጣው። አጥኚው ይህን አልቀበልም ካለ፣ ጋባዡም ገንዘቤ ነው ካርታውን አሳዩኝ ካለ፣ ገንዘቡን ይዞ ይሂድ።

ቋንቋውስ? በአማርኛና በኦሮምኛ፣ በሁለቱም። እንግሊዝኛው ለባዝል ይቆይ።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ትሉኝ ይሆናል። አንድ ሰው ሽቱትጋርት ለሦስት ወር የሚኖርበት ገንዘብ አሸዋ ሜዳ ላይ ስንት ወር እንደሚያኖር እናንተው አስሉት። ቪላ አይከራይ፣ ጎረቤቱ የሚከፍለውን ኪራይ ይክፈል። መካኒሳ ያለውን ዞማ ሙዚየም ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ በጭቃና በጭድ ቤት አቁመው የውጭውን ሰው ሁሉ አስገርመዋል። የጭቃ ቤት አሠራር የሚያውቀው ሰው ደግሞ እዚሁ ቡራዩ ውስጥ በየጓሮው አለ፤ እንግዳው አርክቴክት ከሱ ቢማር የአስተማሪውን አበል ለሱ ይክፈል። ይሄም በበጀቱ ውስጥ ይግባ።

አንድ ክፍል ለመጀመሪያው ዓመት አይተናል። በቅድሚያ የሚለካው የክፍሉ አከራይ ቤት ነው፤ እሳቸውም ተስማምተዋል፣ ንድፉ በእጃቸው እንዲቀር ቃል ገብተንላቸዋል። መመዝገቢያ ደብተሩ በሩ አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ ላይ ነው። ኦሮምኛ የምትችሉ ከስማችሁ ጎን ምልክት አድርጉ።