የሙስሊም ተማሪዎች ወንድማማችነትና የመምህሩ ድርሻ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የተሰበሰብንበት የኮልፌ ቀራኒዮ ስም ራሱ ትምህርት አለው። ቀራኒዮ ሲባል የመድኃኔ ዓለም ደብር፣ ኮልፌ ሲባል ገበያውና የሙስሊሞች መካነ መቃብር በሐሳብ ይመጣሉ። እነሆ ሁለቱ በአንድ ስም ተጣምረው ይኖራሉ።

የንግግሬ ርእስ በኮሌጆቻችን ግቢ ጀመዓ እየተባለ የሚጠራው የሙስሊም ተማሪዎች ኅብረት ነው። ይህ ኅብረት አዲስ ፈሊጥ አይደለም። በወሎ፣ በዳና፣ በጌታና በጀማ ንጉሥ፣ ደረሳው ከሩቅ አገር መጥቶ ከሸኹ ዘንድ ሲማር ያለውን ከባልንጀራው ጋር ተካፍሎ ይበላ ነበር። የዛሬው ነባር ተማሪም አዲሱን ገቢ ተቀብሎ መኝታ ክፍሉን ያሳየዋል፤ ማስታወሻውን ያውሰዋል፤ በረመዳንም አብሮት ያፈጥራል። ከቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራቀ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ኅብረቱ በአገር ጉዳይም ድምፅ ነበረው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች ለእኩልነት በአዲስ አበባ አደባባይ ሲወጡ ክርስቲያን ወገኖችም አብረው ተሰልፈዋል። በ1967 ዓ.ም. ሦስቱ የእስልምና በዓላት የሕዝብ በዓላት ሆኑ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በዚሁ በኮልፌ፣ በአወሊያ ግቢ፣ መምህራን መሰናበታቸውን ተከትሎ በተማሪዎች የተጀመረው ተቃውሞ በመላ አገሪቱ ተሰማ። የሕዝቡን ጥያቄ ያቀረቡት ተወካዮች ታስረው በ2007 ዓ.ም. ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስም ሁሉም ተፈቱ።

ስለራሴ ጥፋትም ልናገር። ባስተማርኩበት አንድ ኮሌጅ የመጨረሻውን ፈተና ዓርብ እኩለ ቀን ላይ አውጥቼ ነበር። ሦስት ተማሪዎች የጁምዓ ሰዓት መሆኑን በትሕትና ነገሩኝ። እኔ ግን በኅብረት መምጣታቸውን እንደ አድማ ቆጥሬ፣ «ፈተና ፈተና ነው» ብዬ መለስኳቸው። በማግሥቱ አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ የክፍል አለቃ ገብቶ፣ «መምህር፣ ሁላችንም ማልደን በሁለት ሰዓት ብንፈተንስ?» አለኝ። የክፍሉን ተማሪዎች ሁሉ አስፈርሞ ነበር የመጣው። በሁለት ሰዓት ተፈተኑ። የወረቀቱም የትምህርቱም ክብር አልጎደለም፤ የጎደለው የእኔ ማስተዋል ነበር።

እርግጥ ነው፣ ማንኛውም ማኅበር በሩን ከዘጋ፣ ሌላውን መናቅ ወይም የራሱን ወገን በሐሳብ ማስገደድ ከጀመረ፣ ወንድማማችነቱ አጥር ይሆናል። ይህ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ጉባኤ እኩል ይሠራል። አጥሩን የሚያጠብቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ ፍርሃት ነው። ፍርሃቱን የሚያበዛውም የሚጠይቀውን ሁሉ በጥርጣሬ የሚያይ መምህር ነው።

ስለዚህ የሙያ ባልደረቦቼ ሆይ፣ የፈተናና የበዓል መቁጠሪያችንን ጎን ለጎን አስቀምጠን እናውጣ። ተማሪዎች በኅብረት ሲመጡም ከመፍረዳችን በፊት እንስማቸው። ልጆቹ እርስ በርስ የተማሩትን መተሳሰብ እኛ ልናስተምራቸው ይገባን ነበርና።