ከክቡ መሃል

የተከበራችሁ አሠልጣኞች፣ ልጆቻችሁን ለማስመረቅ የመጣችሁ ወላጆች፣ የዛሬዎቹ የዳንስ ሥልጠና ተመራቂዎች፤

ስለ አንዲት የኒውዮርክ ሴት ላወራችሁ ነው የመጣሁት። አና ጋርሲያ ትባላለች፤ በዳንሱ ዓለም የምትታወቀው ግን ሮካፌላ በሚለው የመድረክ ስሟ ነው። ዘመኑን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለሆነ በዚያው ያዙልኝ።

እሷ የምትጨፍረው ብሬክ ዳንስ የሂፕ ሆፕ ልጅ ነው፤ ሂፕ ሆፕ ደግሞ የተወለደው ኦገስት 11 ቀን 1973 በብሮንክስ፣ ሴጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520 ካለው የመኖሪያ ሕንፃ ውስጥ በተደረገ ግብዣ ነው ይባላል። ሙዚቃውን ያጫወተው ከጃማይካ የመጣው ዲጄ ኩል ኸርክ ነበር፤ የእሱን ስም ሁሉም ያነሣል። ግብዣውን አስባ ያሰናዳችው ግን እህቱ ሲንዲ ካምቤል ናት፤ ትምህርት ሊከፈት ስለነበር የልብስ መግዣ ገንዘብ ፈልጋ። ሴት ልጅ በዚህ ቤት እንግዳ አይደለችም፤ ከመጀመሪያዋ ሌሊት ጀምሮ ነበረች።

ኸርክ ታዲያ ልብ ያለው ነገር ነበር። ጨፋሪዎቹ የሚነሡት ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን በሚቀርበት ቦታ ላይ ነው። ያ ደግሞ ጥቂት ሰከንድ ነው። ስለዚህ የአንዱን ሸክላ ሁለት ቅጂ በሁለት ማጫወቻ እያፈራረቀ ያቺን ጥቂት ሰከንድ አስረዘማት። ብሬክ ዳንስ የበቀለው ከዚያ ላይ ነው።

ዳንሱን ለማታውቁት ወላጆች ላስረዳ። ሰው ክብ ሠርቶ ይቆማል፤ መሃሉ ባዶ ይቀራል። ተራ የሚያስይዝ የለም፤ ግቢ የሚልሽም የለም። ውስጥ ያለው ሲወጣ ለአንድ እስትንፋስ ካመነታሽ ሌላው ቀድሞሽ ይገባል። መጀመሪያ ቆመሽ በእግርሽ ምቱን ትቀበያለሽ። ከዚያ ትወርጃለሽ፤ መዳፍሽ ወለሉን ይይዛል፤ እግሮችሽ በሥርሽ ዙሪያውን ይሮጣሉ። በመጨረሻ ማንም ባልጠበቀው ቅርፅ ላይ ቀጥ ትያለሽ። ይህ ሁሉ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

ሮካፌላ በ1990ዎቹ እዚህ ክብ ውስጥ ስትገባ ዙሪያውን የቆሙት ከሞላ ጎደል ወንዶች ነበሩ። የተማረችው በየጭፈራ ቤቱና በመንገድ ላይ ትርኢት ነው። በጭንቅላት መሽከርከርን የመሳሰሉ፣ የሴት አይደሉም የሚባሉ እንቅስቃሴዎችን ሠርታ በማሳየት ስሟ ተጠራ። ብዙ ሰው ስለ እሷ ሲያወራ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ደፋር ናት ብሎ አጨብጭቦ ይለያያል። ለእኔ ግን ይህ አይበቃኝም። ብቻዋን የገባች ሴት ስትወጣ ክቡ እንደ ድሮው ይዘጋል፤ ቀጥላ የምትመጣዋ ልጅም እንደገና ብቻዋን ትሆናለች።

ሮካፌላ ክቡ እንዳይዘጋ ያደረገችው በማስተማር ነው። በ1996 ከባለቤቷ ከክዊክስቴፕ ጋር ፉል ሰርክል የተባለውን ድርጅት መሠረተች፤ የመንገዱን ዳንስ ወደ ቲያትር መድረክ አወጡት፤ ወጣቶችን አሠለጠኑ። በኒው ስኩል ዩኒቨርሲቲም አስተምራለች፤ በየአገሩ በሚደረጉ ውድድሮች ዳኛ ሆና ተቀምጣለች።

እናንተም አሠልጣኝ ስትሆኑ የሚጠብቃችሁን ችግር ከእሷ ሥራ ላይ ታዩታላችሁ። በዚህ ዳንስ የሌላውን እንቅስቃሴ ገልብጦ የራስ ማድረግ ነውር ነው። ባይቲንግ ይሉታል፤ የተያዘ ሰው በሕዝብ ፊት ይዋረዳል። መኮረጅ ነውር የሆነበት ነገር ታዲያ እንዴት ይሰጣል? መምህሯ የምትሰጠው ሁሉም የሚጋራውን መሠረት ነው። ሲክስ ስቴፕን አስቡ፦ መዳፍ መሬት ላይ፣ እግር በስድስት ቆጠራ ዙሪያውን ሄዶ ከተነሣበት ይመለሳል። ይህን ሠራሽ ብሎ ሌባ የሚልሽ የለም። መምህሯ ይህንን በቁጥር ከፋፍላ ታስጨብጣለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ለተማሪዋ ትታ ዞር ትላለች። መንገድ ላይ በዓይን የተያዘን ነገር በቁጥር መፍታት ከባድ ሥራ ነው፤ ጎበዝ ጨፋሪ ሁሉ አይችለውም። ዞር ማለት ደግሞ ከዚያም ይከብዳል።

ከሮካፌላ ሥራዎች ሁሉ እኔ የማከብርላት ኦል ዘ ሌዲስ ሴይ የተባለውን ዘጋቢ ፊልሟን ነው። ካሜራውን ወደ ሌሎች የብሬክ ዳንስ ሴቶች አዞረች፤ ስማቸውንና ልፋታቸውን በራሳቸው አንደበት አስመዘገበች። ለራሷ ዝና ሲባል አንደኛና ብቸኛ ሆኖ መቅረት ይቀላት ነበር።

በ2024 በፓሪስ ብሬክ ዳንስ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ሲገባ ሴቶቹ የራሳቸው ውድድር ነበራቸው፤ ወርቁን ያገኘችው ጃፓናዊቷ አሚ ናት። አሚ የራሷ ታሪክ አላት። ሴቶቹ እዚያ መድረክ እስኪደርሱ ግን እንደ ሮካፌላ ያለች ስንት ሴት ስንት ዓመት አስተምራለች!

ወላጆች፣ ሴት ልጃችሁ ሠርግ ላይ እስክስታ ስትመታ እልል ትሉላታላችሁ። ዳንስን ሥራዬ ብዬ ልያዝ ስትላችሁ ግን ቤቱ ጭር ይላል። የምትፈሩት ይገባኛል፤ ገቢው አስተማማኝ አይደለም፤ ሰው ምን ይላል የሚለውም አለ። ቢሆንም እዚሁ አዲስ አበባ በ1990ዎቹ አዱኛ በተባለው የዳንስ ቡድን ከጎዳናና ከድሃ ቤተሰብ የመጡ ወጣቶች ሠልጥነው ኋላ ራሳቸው አሠልጣኞች ሆነዋል። ማስተማር የሚያኖር ሙያ መሆኑን ልጃችሁ ልታሳያችሁ ጊዜ ስጧት።

ተመራቂዎች፣ ብዙዎቻችሁ በቅርቡ በየትምህርት ቤቱና በየጂሙ ታሠለጥናላችሁ። አዳራሽ ስትከራዩ ለጀማሪ ሴቶች የሚሆን ሰዓት ለይታችሁ አስይዙ፤ ሰዓቱም በቀን ይሁን፤ ከመሸ ታክሲ ይቸግራል፣ ቤተሰብም አይፈቅድም። ትርኢታችሁን በስልክ ቀርፃችሁ ስትለቁ የጨፈሩትን ሁሉ ስም፣ ያሠለጠኗችሁንም ስም ከሥሩ ጻፉ። የአዳራሽ ኪራይና የድምፅ ማጉያ ጉዳይ ሲያስቸግራችሁ ሥልጠናውን ከመዝጋታችሁ በፊት ደውሉልኝ፤ ስልኬን ለዚህ ሥልጠና አስተባባሪ ሰጥቻለሁ።

አሁን የምስክር ወረቀታችሁን ተቀበሉ። እንኳን ደስ አላችሁ።