እጥፍ መቼ ይባላል?



ዐረቦች ታውላ የሚሉት ባክጋሞን በ15 በ15 ጠጠርና በሁለት ዳይስ የሚካሄድ ጥንታዊ ጨዋታ ነው። እጥፍ ማለት ግን የቅርብ ጊዜ ነገር ነው፤ በ1920ዎቹ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ኒውዮርክ ውስጥ ተጀመረ። እጥፍ የተባለ ሰው ወይ አንድ ነጥብ ከፍሎ ይነሣል፣ ወይ በሁለት ነጥብ ይቀጥላል።

ታዲያ ይቀበል ወይስ ይተው? እስቲ እናስላው። ከ4 ጨዋታ 1 የሚያሸንፍ ሰው ቢቀበል በሦስቱ 6 ነጥብ ይከፍላል፣ በአንዱ 2 ያገኛል፤ ኪሳራው 4 ነው። አራቱንም ቢተው ኪሳራው ያው 4 ነው። እንግዲህ ተስፋችን ከሩብ ካነሰ መተው፣ ከበለጠ መቀበል ይሻላል።

እጥፍ ባዩስ? ጠጠሮቹ ተላልፈው ሩጫ ብቻ ሲቀር፣ ዳይሱን ከመጣላችን በፊት እርምጃችንን እንቁጠር። ለእኛ 100፣ ለባላጋራችን 108 ከቀረ እጥፍ ማለት ይቻላል። እሱም እስከ 112 ድረስ ቢቀበል አይወቀስም።

ችግራችን ብዙዎቻችን የምናጥፈው ቆጥረን ሳይሆን በእልክ መሆኑ ነው። የተሸነፈው «ላስመልስ» ይላል፣ የተጠየቀው «ፈራ እንዳልባል» ብሎ ይቀበላል። እጥፉ ሲደጋገም 2 የነበረው 4፣ 8፣ 16 ይሆናል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ስለዚህ ወገኖቻችን፣ ጨዋታው በነጥብ ብቻ ይሁን። የልጆች ዳቦ መግዣ ከጠጠሩ አጠገብ አይቀመጥ። በጊዜው «ተውኩ» ያለውንም ፈሪ አንበለው፤ ሒሳብ ያወቀ ነው።