ሕፃኑን የሚያባብል እጅ፣ እናቱን የሚደግፍ እጅ

(በአዲስ ዓለም ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ስለ ውኃ ጉድጓድ ወይም ስለ ምርጥ ዘር አይደለም። ሌሊት ስለሚያለቅስ ሕፃንና አብራው ስለምታለቅስ እናት ነው።

ይህች ከተማ አዲስ ዓለም ትባላለች። ገና ለተወለደ ሕፃን ግን የትኛውም ቤት አዲስ ዓለም ነው። ዘጠኝ ወር በሙቀት ታቅፎ፣ የእናቱን የልብ ምት እየሰማ፣ በእርምጃዋ እየተወዘወዘ ኖሮ በአንድ ቀን ብርድና ብርሃን፣ ረኃብና የሆድ ነፋስ ይገጥሙታል። ይህን ሁሉ የሚናገርበት ቋንቋው አንድ ነው፤ እርሱም ልቅሶ ነው።

አንዲት ወጣት እናት የነገረችኝን ላካፍላችሁ። በአምቦ መንገድ ዳር ካሉት መንደሮች በአንዱ ትኖራለች፤ ስሟን አልጠራም። የመጀመሪያ ልጇ ነበር። በወለደች ጊዜ እናቷ ከገጠር መጥታ አብራት ሰነበተች። ጎረቤቱም ገንፎና አጥሚት እየያዘ ይገባ ነበር። አርባ ቀን ሲሞላ ግን እናቷ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ጎረቤቱም ወደየሥራው ሄደ። በዚያው ሰሞን ሕፃኑ ከፀሐይ መግቢያ ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት ያለቅስ ጀመር። ጉልበቱን ወደ ሆዱ ይሰበስባል፣ ፊቱ ይቀላል፣ እጁን ይጨብጣል። አንዱ «ወተትሽ አልተስማማውም» አላት፤ ሌላው «ዓይን ነው» አላት።

«እትዬ፣ አንድ ሌሊት አልጋው ላይ አስተኝቼው ወጣሁና አጥሩ ሥር ተቀመጥሁ። ተመልሼ ብገባ ምን እንደማደርገው ራሴን ፈራሁ። ሰው እንዳይሰማኝ አፌን በነጠላዬ ይዤ አለቀስሁ» አለችኝ።

ይህች ሴት ክፉ እናት አልነበረችም። ሕፃኑን አስተኝታ መውጣቷም ትክክል ነበር፤ ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ። አስቀድመን ግን የልጁን ልቅሶ እንረዳ።

እኛ ቁርጠት የምንለውን ሐኪሞች ኮሊክ ይሉታል። ዌሰል የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በ1954 እ.ኤ.አ. ባወጡት መለኪያ መሠረት፣ ጤናማ የሆነና በደንብ የሚጠባ ሕፃን በቀን ከ3 ሰዓት በላይ፣ በሳምንት ከ3 ቀን በላይ፣ ለ3 ሳምንት ያህል የሚያለቅስ ከሆነ ኮሊክ ነው ይባላል። መንስኤው እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አልተለየም። አካሄዱ ግን የታወቀ ነው፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ይጀምራል፣ በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ይበረታል፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ወር ይተዋል። የእናቲቱ ጥፋት አይደለም፤ ወተቷም አልተበላሸም።

እንግዲህ አንድ ነገር አስተውሉ። ስድስት ሳምንት 42 ቀን ነው። በአገራችን አራስን የመጠየቁና የመርዳቱ ልማድ የሚቀዘቅዘው በብዙ ቤት አርባ ቀን ሲደርስ ነው። የሕፃኑ ልቅሶ ጫፍ የሚደርሰውና ቤቱ ባዶ የሚሆነው በአንድ ሰሞን ነው ማለት ነው። ዛሬ ከዚህ ሌላ ምንም ባትይዙ ይህን አንድ ነገር ይዛችሁ ሂዱ።

አሁን ወደ እጅ ልምጣ። ሕፃንን በመዳሰስ ማባበል ከውጭ የመጣልን ትምህርት አይደለም። እናቶቻችን ሕፃን አጥበው ያሻሉ፣ በአንቀልባ ያዝላሉ፣ እሹሩሩ ይላሉ። ሳይንስም ወደዚሁ ተመልሷል። በ1978 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ያሉ ሐኪሞች፣ ጊዜያቸው ሳይደርስ የተወለዱ ሕፃናትን ራቁታቸውን በእናታቸው ደረት ላይ ማሳደር ጀመሩ። በአዲስ አበባም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ዶክተር ቦጋለ ወርቁ ይህንኑ ዘዴ ክብደታቸው አነስተኛ በሆኑ ጨቅላዎች ላይ ፈትነው፣ በ2005 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት ከእናታቸው ደረት ጋር የተጣበቁት ይበልጥ ከሞት እንደተረፉ አሳይተዋል። ስለ ልቅሶ ደግሞ በ1986 እ.ኤ.አ. በካናዳ በሞንትሪያል በተደረገ ጥናት፣ እስኪያለቅሱ ሳይጠበቅ በየቀኑ ረዘም ላለ ጊዜ የታቀፉ ጤናማ ሕፃናት በስድስተኛው ሳምንት ከሌሎቹ 43 በመቶ ያነሰ አልቅሰዋል። ኮሊክ ለያዘው ልጅ መታቀፍም ሆነ መታሸት የተረጋገጠ መድኃኒት ነው አልልም። ብዙዎችን ግን ያረጋጋል፤ በለስላሳ እጅ ከተደረገም አይጎዳም።

አስተሻሸቱ እንዲህ ነው። ሕፃኑ ጠብቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ። ማታ ልቅሶው ከመጀመሩ በፊት፣ ነቅቶ ጸጥ ባለበት ሰዓት ይሁን። ቤቱ ይሙቅ። ጥፍር ይቆረጥ፣ ቀለበት ይውለቅ፣ እጅ በሳሙና ታጥቦ ይሙቅ። መዳፋችሁን ንጹሕና ሽታ በሌለው የምግብ ዘይት ጥቂት አርሱት። ከዚያ በኋላ፦

አንደኛ፣ መዳፋችሁን ሆዱ ላይ አሳርፉና ጥቂት ቆዩ። ዓይኑን እያያችሁ አነጋግሩት።

ሁለተኛ፣ በእምብርቱ ዙሪያ የሰዓት ቆጣሪ እጅ በሚዞርበት አቅጣጫ ቀስ ብላችሁ አሹት። ትልቁ አንጀት በሕፃኑ ቀኝ በኩል ወጥቶ፣ ሆዱን አቋርጦ፣ በግራው ይወርዳልና እጃችሁ ነፋሱ የሚሄድበትን መንገድ ይከተላል።

ሦስተኛ፣ ሁለቱን ጉልበቶች አጥፋችሁ ወደ ሆዱ አስጠጉ፣ ጥቂት ሰከንድ ይዛችሁ ልቀቁ። እግሮቹንም ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው እያፈራረቃችሁ አንቀሳቅሱ።

አራተኛ፣ ማልቀስ ከጀመረ ሆዱን በክንዳችሁ ላይ አስተኝታችሁ፣ ራሱን ደግፋችሁ፣ በሌላው እጅ ጀርባውን እያሻችሁ ተራመዱ። ወይም ልብሱን አውልቃችሁ ደረታችሁ ላይ አድርጉትና በጋቢ ተሸፈኑ። ይህን አባትም፣ አያትም ሊያደርገው ይችላል።

ፊቱን ካዞረ ወይም ከተቆጣ አቁሙ። በኃይል መጫን፣ እጅና እግሩን መጎተት፣ ዘቅዝቆ ማንጠልጠል አይገባም። በአፍንጫው ዘይት ወይም ቅቤ አታንጠባጥቡ። እስከ ስድስት ወር ድረስም ሐኪም ካላዘዘ በቀር ከጡት ወተት ሌላ ቅቤ፣ የስኳር ውኃ፣ አብሽ ወይም የቅጠል ጭማቂ አይሰጠው። እንጥል ማስቆረጥም ለልቅሶ መድኃኒት አይደለም፤ ደም መፍሰስና መመረዝ ያመጣል።

ልቅሶ ሁሉ ግን ቁርጠት አይደለም። ሕፃኑ መጥባት ካቃተው፣ ትኩሳቱ 37.5 ዲግሪ ከደረሰ ወይም ገላው ከቀዘቀዘ፣ አረንጓዴ ካስታወከ፣ ሰገራው ደም ካለበት፣ ሆዱ ከተነፋና ከጠጠረ፣ በብሽሽቱ እብጠት ከታየ፣ እርግብግቢቱ ካበጠ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ከደከመና ለመንቃት ካስቸገረ፣ ሳይነጋ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

አሁን ወደ እናቲቱ ልመለስ። ሕፃኑን አስተኝታ መውጣቷ ትክክል ነበር ብያለሁ። ልቅሶ ሰውን ከአቅሙ በላይ ሊወስደው ይችላል። በዚያች ደቂቃ ሕፃኑን መነቅነቅ አንጎሉን ያደማል፤ ሊገድለውም ይችላል። ስለዚህ እናት እጇ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሕፃኑን ከእሳትና ከከፍታ በራቀ ቦታ በጀርባው አስተኝታ፣ ለጥቂት ደቂቃ ወጥታ ትተንፍስ፤ ከዚያ ትመለስ፤ ጎረቤትም ትጥራ። የዚያች ሴት ጉዳት መውጣቷ አልነበረም፤ ወጥታ የምትጠራው ሰው ማጣቷ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በታዳጊ አገሮች ከወለዱ ሴቶች መካከል ከ5ቱ 1 ያህሏ የአእምሮ ጤና ችግር ያገኛታል፤ ከሁሉ የሚበዛውም ድባቴ ነው። በአገራችንም በቡታጅራ አካባቢ ከ1 ሺህ በላይ ነፍሰ ጡሮችን የተከታተለ ጥናት፣ የመንፈስ ጭንቀት በጸናባቸው እናቶች ዘንድ ምጥ እንደሚረዝምና ጡት ማስጀመር እንደሚዘገይ አሳይቷል። የእናት ሐዘን የእናት ብቻ ሆኖ አይቀርም። ስለዚህ እናት ለሁለት ሳምንት ያህል ከከፋት፣ ሕፃኑ ተኝቶም እንቅልፍ እምቢ ካላት፣ ምግብ ካስጠላት፣ «እኔ ለምንም አልረባም» ካለች፣ «እምነትሽ ደካማ ነው» ብላችሁ አትገሥጿት። አብራችኋት ወደ ጤና ባለሙያ ሂዱ። ራሷን ወይም ልጇን ለመጉዳት ካሰበች ግን ለአፍታም ብቻዋን አትተዉአት፤ በዚያው ቀን አድርሷት።

እንግዲህ የምለምናችሁ ከባድ ነገር አይደለም። በየማኅበራችሁ የወለዱ እናቶችን መዝግቡ። መጠየቃችሁን በአርባኛው ቀን አትጨርሱ፤ ከአርባኛው ቀን እስከ አራተኛው ወር ድረስ ተራ ግቡላቸው። በሳምንት ሁለት ማታ አንዲት እህት ትግባ። ገንፎ ይዛ መምጣቷ መልካም ነው፤ ከገንፎው የሚበልጠው ግን ሕፃኑን ተቀብላ «አንቺ ሂጂና ተኚ» ማለቷ ነው። ባሎችም ውኃ ቅዱ፣ ልጁን ተቀበሉ፤ ደረታችሁ ከእናቲቱ ደረት ባልተናነሰ ይሞቃል። የፕሮጀክት ሠራተኞች ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ሆናችሁ አስተሻሸቱን በየመንደሩ አሳዩ፤ የአደጋ ምልክቶቹንም አስተምሩ።

ያች ወጣት እናት በኋላ አንዲት ጎረቤቷ ልቅሶውን ሰምታ በሯን አንኳኳች። መድኃኒት አልያዘችም። «አምጪው የኔ ልጅ» ብላ ሕፃኑን በክንዷ ላይ ደፋችው፣ ጀርባውን እያሻሸች በቤቱ ውስጥ ተመላለሰች። ሕፃኑ ወዲያው ዝም አላለም። እናቱ ግን ከብዙ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስት ሰዓት ተኛች። ልቅሶው በአራተኛው ወር ተወ።

ዛሬ ማታ ወደየቤታችሁ ስትመለሱ በጎረቤታችሁ ሕፃን ሲያለቅስ ብትሰሙ አልፋችሁ አትሂዱ። በሩን አንኳኩ።