የተጠቀሰ ጽሑፍና የዳነ በሽተኛ



አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ደብዳቤ ሲያረቅ «በቁጥር ይህን ያህል በተጻፈው ደብዳቤ መሠረት» ብሎ መነሻውን መግለጹ የዕለት ልማዳችሁ ነው። አንድ ደብዳቤ በብዙ ደብዳቤዎች ውስጥ በዚህ አኳኋን የተጠቀሰ እንደ ሆነ፥ ክብደት ያለው መሆኑ ይገመታል። የሳይንስ ሊቃውንትም ሥራ የሚመዘነው በዚሁ ዐይነት ነው። ጥናቱን በመጽሔት ያሳተመ ሰው፥ ከእርሱ በኋላ የሚጽፉት ስንት ጊዜ እንደ ጠቀሱት ይቈጠርለታል። ይህን ቈጠራ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ በመዝገብ ያደራጀው አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ ነው። በ2005 ደግሞ ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ሌላ መለኪያ አወጣ፤ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች ያሉት ሰው መለኪያው 20 ነው ይባላል።

ይህ ቁጥር ምን ይነግረናል? ምንስ ይሰውርብናል? ከራሳችን ወገን አንድ ምሳሌ ላቅርብላችሁ።

እሌኒ አክሊሉ በስዊድን አገር በካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት፥ መድኃኒት በሰው አካል ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ሲመራመሩ የኖሩ ኢትዮጵያዊት ናቸው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1996 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ 122 ኢትዮጵያውያንን መርምረው ነበር። የመረመሩትም ሲዋይፒ 2ዲ6 የሚባለውን፥ ብዙ መድኃኒቶችን የሚለውጠውን የጉበት ኤንዛይም የሚያስገኘውን ጂን ነው። ከመቶው 29 በሚሆኑት ዘንድ ይህ ጂን እጥፍ ወይም ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። በስዊድናውያን ዘንድ እንዲህ ያለው ሰው ከመቶ ከአንድና ከሁለት አይበልጥም።

ነገሩ የሚያሳስበው ስለ ምንድን ነው? ለሕመም ማስታገሻና ለሳል የሚሰጠው ኮዴይን በዚህ ኤንዛይም አማካይነት ወደ ሞርፊን ይለወጣል። ኤንዛይሙ ከመጠን በላይ በሚሠራበት ሰው አካል ውስጥ ሞርፊኑ በፍጥነት ይበዛና ትንፋሽን ያዳክማል፤ በተለይም በሕፃናት ላይ እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህም በ2015፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ የኢትዮጵያ የምግብ፥ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን ይህንኑ የተፈጥሮ ልዩነት ምክንያት አድርጎ ኮዴይን ያለበትን መድኃኒት አገደ።

እንግዲህ አስተውሉ። ያ ጽሑፍ በውጭ አገር መጽሔቶች ደጋግሞ ተጠቅሷል፤ ይህም የሚገባው ክብር ነው። ነገር ግን በጥቅስ መዝገብ ዘንድ አንድ የመንግሥት ትእዛዝ እንደ አንድ ጥቅስ እንኳ አይገባም። በትእዛዙ ምክንያት ከአደጋ የዳነ ሕፃንም በየትኛውም ዐምድ አይጻፍም።

ቁጥሩ የሚሰውረው ሌላም ነገር አለ፤ እርሱም ጥናቱ ስለ ማን እንደሚናገር ነው። በመተከል ምድር ያለችውን ቡለንን እንውሰድ። በዚያ ሺናሻውና ጉሙዙ፥ አማራውና ኦሮሞው ጐረቤት ሆነው ይኖራሉ። የሺናሻ ቋንቋ ከኦሞአዊ ወገን ሲሆን፥ ጉሙዝኛን ብዙ ሊቃውንት ከአባይና ከሰሐራ ቋንቋዎች ጋር ይመድቡታል፤ የትውልዳቸውም ታሪክ እንዲሁ የተለያየ ነው። የ122 ሰዎች ምርመራ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ምስክር ሊሆን አይችልም። ጽሑፉ ሺህ ጊዜ ቢጠቀስም የተመረመሩት 122 ብቻ ናቸው፤ ጥቅስ ሲበዛ የተመረመረው ሰው አይበዛም።

ስለዚህ የምሁራንን የማዕርግ ዕድገት የምትመረምሩ፥ ለምርምርም ገንዘብ የምትፈቅዱ ሁሉ፥ ጥቅሱን ቈጥራችሁ ስትጨርሱ ሁለት ጥያቄ እንድትጨምሩ አሳስባለሁ። በጥናቱ የተመረመረው ሕዝብ ማን ነው? ጥናቱስ ከታተመ በኋላ በቡለን መድኃኒት የሚያድለው የጤና ሠራተኛ ምን የሚያውቀው አዲስ ነገር አገኘ? ለእነዚህ መልስ ያለው ሥራ፥ ጥቅሱ ጥቂት ቢሆንም፥ ዋጋው ከፍ ያለ ነው።