አንድ ፋይል፣ ሁለት ቀይ
(ለማኅበራችን አባላትና ደጋፊዎች የተደረገ ንግግር)



የበርበሬያችንን መለያ መጀመሪያ እዚሁ እብናት፣ ሲያልቅብን ደግሞ ደብረ ታቦር አሳተምን። ፋይሉ ያው ነበር። የፊተኛው ደማቅ ቀይ፣ የኋለኛው ግን ቡናማ ሆኖ ወጣ። አንዲት ደንበኛችን «ይህ የእናንተ አይደለም» ብለው ዕቃውን መለሱብን።

ጠይቀን እንደተረዳነው፣ ስክሪን ቀለም የሚሠራው ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ብርሃን ነው። ፕሪንተር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሲያን፣ ከማጀንታ፣ ከቢጫና ከጥቁር ቀለም ነው። ማሽኑ፣ ቀለሙና ወረቀቱ ሲለያይ ውጤቱም ይለያያል።

ለጥለት ክር ስንገዛ ቁራጭ ይዘን እንሄድ የለ? አሁን ለመለያውም እንዲሁ እናደርጋለን። የወደድነውን ናሙና ፀሐይ እንዳያደበዝዘው በፖስታ ዘግተን እናስቀምጣለን። ሁሉንም ከማሳተማችን በፊት በዚያው ወረቀት ጥቂት የቀይ ዓይነቶችን ቁጥር ሰጥተን እናሳትማለን፤ ከናሙናው ጋር በቀን ብርሃን አስተያይተን የሚቀርበውን እንመርጣለን። ቁጥሩንና ማሽኑን በመዝገብ እንጽፋለን።

ደጋፊዎቻችንም አርማችሁን ስትልኩልን ከፋይሉ ጋር በወረቀት የታተመ ናሙና ጨምሩልን። ሩቅ ያለ ደንበኛ የሚያውቀን በመለያችን ነውና።