የአርሶ አደሩ ቅሬታና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ድርሻ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)

በእንዲህ ያለ የበዓል ቀን የተለመደው የተሠራውን መቁጠር ነው። መጋዘኑ፣ የጭነት መኪናው፣ የአባላቱ ቁጥርና የካፒታሉ ዕድገት በሪፖርት ይቀርባል፤ መቅረብም ይገባዋል። ሆኖም በሪፖርት ውስጥ ቦታ የማያገኝ፣ ግን በየገበያው፣ በየዕድሩና ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ የሚነገር ሌላ ጉዳይ አለ። እርሱም የአርሶ አደሩ ቅሬታ ነው። የዛሬው ንግግር ርዕስ ይኸው ነው።

የቅሬታው ፍሬ ነገር ረጅም አይደለም። አርሶ አደሩ የሚገዛው ነገር ዋጋው ዓለም በወሰነው ልክ ይወጣል፤ የሚሸጠው ነገር ግን ሌላ ሰው በወሰነለት ልክ እንዲቆም ይፈለጋል። በሁለቱም ላይ የጠየቀው የለም።

በመጀመሪያ የሚገዛውን እንመልከት ቢባል ቀድሞ የሚመጣው ማዳበሪያ ነው። ኢትዮጵያ የምትጠቀምበት ማዳበሪያ ከውጭ የሚገዛ ነው፤ በጅቡቲ ወደብ በኩል ገብቶ፣ ረጅም መንገድ ተጉዞ፣ በዩኒየንና በመሠረታዊ ማኅበር መጋዘን አልፎ ከማሳ ይደርሳል። ዩሪያ የሚሠራው በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። ስለዚህ የጋዝ ዋጋ ሲንር የማዳበሪያም ዋጋ ይንራል። በ2014 ዓ.ም. የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር የአንድ ኩንታል ዋጋ በኢትዮጵያ ገጠር የተሰማው በዚህ ምክንያት ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ደግሞ የዋጋው ነገር ቀርቶ ማዳበሪያው ራሱ ዘገየ። በአማራ ክልል የዘር ጊዜ ያለፈባቸው አርሶ አደሮች እስከ ባሕር ዳር ድረስ ሄደው አቤት አሉ። ገበሬ በሰኔ ወር ሞፈሩን ጥሎ ከተማ የሚወጣው ወድዶ አይደለም።

ከዚያም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው የአንድ ዶላር ምንዛሪ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ110 ብር በላይ ሆነ። መንግሥት እንደ ነዳጅ፣ መድኃኒትና ማዳበሪያ ያሉትን ለጊዜው እንደሚደጉም አስታውቋል፤ ድጎማው ባይኖር ሸክሙ ከዚህም ይከብድ ነበር። ቢሆንም ድጎማ የዋጋውን ፍጥነት ይገታል እንጂ መንገዱን አይለውጥም።

ለምሳሌ ያህል ቀላል ስሌት ይወሰድ። ቁጥሮቹ ለማስረጃ ሳይሆን ለማስረዳት ብቻ የቀረቡ ናቸው። አንድ ኩንታል ማዳበሪያ 4,000 ብር፣ አንድ ኩንታል በቆሎ 2,000 ብር ቢሆን፣ አርሶ አደሩ ሁለት ኩንታል በቆሎ ሸጦ አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ይገዛል። በሌላ ዓመት ማዳበሪያው 8,000፣ በቆሎው 3,000 ብር ቢገባ፣ በራዲዮ የሚሰማው የእህል ዋጋ መወደዱና ገበሬው መጠቀሙ ነው። እርሱ ግን ያችኑ አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ለመግዛት አሁን 2 ኩንታል ከ67 ኪሎ በቆሎ መሸጥ አለበት። በእጁ የገባው ብር በዛ፤ ከጎተራው የወጣው እህልም በዛ። ከተሜው በእህል ውድነት ያማርራል፤ እውነቱን ነው። ገበሬው አልተጠቀምሁም ይላል፤ እርሱም እውነቱን ነው። ሁለቱን የሚያጣላቸው ይህን ስሌት አንድ ላይ ተቀምጠው አለማየታቸው ነው።

አሁን ወደሚሸጠው ይታለፍ። በደርግ ዘመን የነበረውን የእህል ኮታ ዕድሜው የገፋ ሁሉ ያስታውሰዋል። አርሶ አደሩ ከገበያው ባነሰ ቁርጥ ዋጋ የተመደበበትን ማስረከብ ነበረበት፤ ያልደረሰለትም ከገበያ ገዝቶ ያስረክብ ነበር። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ኮታው ቀረ። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ2015 ዓ.ም. አገሪቱ ስንዴ ወደ ውጭ መላክ ጀመረች ሲባል፣ በስንዴ አምራች አካባቢዎች የሚገኙ አርሶ አደሮች ምርታቸውን ከገበያው ዝቅ ባለ በተተመነ ዋጋ እንዲሸጡ መደረጉንና እህል ከቦታ ቦታ እንዳይንቀሳቀስ መከልከሉን በመግለጽ ቅሬታ አሰምተዋል። ስንዴ ራስን መቻል ትልቅ ዓላማ ነው። ነገር ግን ዓላማው የአገር፣ ወጪው የገበሬ ብቻ ከሆነ በሚቀጥለው ዓመት የሚዘራው ይቀንሳል።

ዋጋው ለገበያ ብቻ ሲተውም ገበሬው አልዳነም። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. በቆሎ በብዛት ተመረተ፤ ግብርና ሠራተኛው የመከረው፣ ገበሬውም የደከመበት ፍሬ አፈራ። የሚገዛ ግን ጠፋ፤ ዋጋው ወደቀ። የማጨጃውንና የማጓጓዣውን ወጪ ስለማይመልስ በማሳ ላይ የቀረ በቆሎ ነበር። የማዳበሪያው ዕዳ ግን አልወደቀም፤ ከብት እየተሸጠ ተከፈለ። በማግስቱ ድርቅ መጣና በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ትርፍ ያመረተ አገር በዓመቱ ተራበ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ምርት ብቻውን ብልጽግና አይሆንም፤ መጋዘን፣ ገበያና መደራደሪያ አቅም ያስፈልጉታል።

እንግዲህ ቅሬታው ስለ ዋጋ ብቻ ነውን? አይደለም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው አባባል የቆየ ነው፤ ንጉሡ ከሄደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቢያልፍም አባባሉ ከገጠር አልወጣም። ስብሰባ ይጠራል፤ የሚነገረው አስቀድሞ የተወሰነ ነው፤ ጥያቄ ሲነሣ «ወደ በላይ እናቀርበዋለን» ይባላል፤ ከበላይ የተመለሰው አይነገርም። ጸጥታ በታጣበት አካባቢ ደግሞ መንገድ ሲዘጋ ማዳበሪያው አይገባም፣ እህሉም አይወጣም፤ ገበሬው ባልጀመረው ጠብ ዋጋ ይከፍላል። ሰውን ከድህነቱ ይልቅ የሚያማርረው ይህ ያለመጠየቅ ነው።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ቦታ እዚህ ላይ ነው። አዋጅ ቁጥር 147/1991 ከወጣ ወዲህ፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ሲተካ፣ ማኅበር ማለት አባላቱ በፈቃዳቸው የሚያቋቁሙትና በአንድ አባል አንድ ድምፅ የሚመሩት ድርጅት ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ ተቀባይነት ካገኙት ሰባት መርሆዎች አንዱም ነፃነትና ራስን በራስ ማስተዳደር ነው። በተግባር ግን ማኅበሩ የመንግሥትን ማዳበሪያ ያከፋፍላል፣ ዕዳውን ይሰበስባል፣ በተተመነ ዋጋ እህል ይገዛል። አባሉ በቢሮ የሚሠራውን ስለማያገኘው በመጋዘኑ በር ላይ የቆመውን የማኅበር ሊቀ መንበር ይቆጣል። ማኅበሩ የአባሉ አፍ መሆኑ ቀርቶ የሌላው እጅ ብቻ ከሆነ አባሉን ያጣል፤ አባሉን ያጣ ማኅበር ደግሞ ለመንግሥትም አይጠቅምም።

ስለዚህ ከዚህ በዓል ማግስት ጀምሮ ሊሠሩ የሚችሉ፣ ትልቅ በጀት የማይጠይቁ ሦስት ሥራዎች አሉ።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር የእህል ሒሳብ መዝገብ ይክፈት። በሰኔ አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ስንት ኪሎ ጤፍ፣ ስንት ኪሎ በቆሎ፣ ስንት ኪሎ ስንዴ እንደሚገዛ፣ በጥርም እንዲሁ ይጻፍ፤ በማኅበሩ በር ላይም ይለጠፍ። የአምስት ዓመት መዝገብ የያዘ ገበሬ አያማርርም፤ ይከራከራል።

ሁለተኛ፣ የማዳበሪያ ዋጋ ሲነገር ዝርዝሩ አብሮ ይነገር። የወደብ ዋጋው ስንት፣ ማጓጓዣው ስንት፣ የባንክ ወለዱ ስንት፣ የዩኒየኑና የማኅበሩ ድርሻ ስንት እንደሆነ አባሉ ይወቅ። እዚህ ላይ ዩኒየኖችም ከጥያቄው ነፃ አይደሉም። የዘገየ ኦዲትና ያልተከፈለ የትርፍ ክፍፍል እያለ ግልጽነትን ከሌላው ብቻ መጠየቅ አያምርም።

ሦስተኛ፣ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ የአባላት ጥያቄ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሊሄድ ሲነሣ የሚቀርብ የመጨረሻ አጀንዳ መሆኑ ይቅር። ጥያቄው በጽሑፍ፣ በቀንና በቁጥር ለወረዳው ይላክ፤ መልሱ በሚቀጥለው ጉባኤ መጀመሪያ ላይ ይነበብ። መልስ ካልመጣም «መልስ አልመጣም» ተብሎ ይነበብ።

ለክቡራን የወረዳና የዞን ኃላፊዎች የሚቀርበው ጥያቄም ቀላል ነው። ሁሉን ማድረግ እንደማይቻል ገበሬ ያውቃል፤ ዝናብን ለምኖ የሚኖር ሰው ትዕግሥትን ከማንም አይማርም። የምንዛሪው ለውጥ ቡናና ሰሊጥ አምራቹን ሊጠቅም እንደሚችልም ይረዳል። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. በጎዴ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመገንባት ስምምነት ሲፈረም ተስፋ አድርጓል። በያዩ ተጀምሮ ሳይጠናቀቅ የቀረውን ፋብሪካ ግን አልረሳም። ስለዚህ የሚፈልገው ሌላ ተስፋ ሳይሆን ሥራው የት እንደደረሰ በየጊዜው የሚነግረው ሰው ነው።

አባቶች «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። ለግለሰብ ምክሩ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ለማኅበር ግን አይሠራም፤ ሳይገለጥና ሳይናፈስ የሚከርም እህል እንደሚነቅዝ ሁሉ፣ ሳይነገር የሚከርም ቅሬታም ይነቅዛል፤ ሲነቅዝም መጀመሪያ የሚያጠፋው እርስ በርስ መተማመንን ነው። ዩኒየኑ የተመሠረተው ብቻውን ዋጋ ያጣ ገበሬ ተባብሮ ዋጋ እንዲያገኝ ነው። ተባብሮ እህሉን እንደሸጠ፣ ተባብሮ ጥያቄውንም ያቅርብ።

ለአባላት ሁሉ መልካም በዓል፣ መጪውም ዘመን የዝናብና የሰላም ይሁን።